ደንበኛዬ የሚቀርጽ መነጽር ይዞ መጣ፤ ሌንስ ልግጠምለት ወይስ ልመልሰው?

ባለ መነጽር ቤት፣ ፒያሳ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡40

ፒያሳ ውስጥ መነጽር መግጠም ከጀመርኩ 23 ዓመት ሆኖኛል። የነበርንበት ሕንፃ ከፈረሰ ወዲህ ሱቃችን ወደ ቸርችል ጎዳና ወረድ ብሏል፤ ሥራው ግን ያው ነው፤ የሐኪም ማዘዣ እቀበላለሁ፣ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት እለካለሁ፣ ሌንሱን ሞርጄ ፍሬሙ ውስጥ አስገባለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድን ፍሬም በእጄ ይዤ «ይህን ልሥራው ወይስ ልመልሰው?» ብዬ የቆምኩበት ቀን አልነበረም። ዛሬ ግን ቆምኩ።

ጠዋት አንድ ወጣት ደንበኛዬ እኅቱ ከዋሽንግተን የላከችለትን መነጽር ይዞ መጣ። ጆሮ ላይ የሚያርፉት እጆቹ ወፈር ከማለታቸው በቀር ከተራ የፀሐይ መነጽር አይለይም። በአንዱ ጥግ ካሜራ፣ በሌላው ጥግ ደግሞ ሲቀርጽ የምትበራ ትንሽ መብራት አለችው። ልጁ ሩቅ ማየት ስለሚቸግረው በራሱ ቁጥር ሌንስ እንድገጥምለት ፈለገ። እርሱ ተራውን ሲጠብቅ እኔ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናትን የንባብ ቁጥር እየለካሁ ነበር። ሁለቱም ዐይናቸው ላይ ሞራ ጀምሯቸዋል። የንባብ ካርዱን ስሰጣቸው ፊደሉ ጠፍቶባቸው ሲንተባተቡ ቆዩ፣ አፍረው ሣቁ፣ ከዚያም ዐይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ወጣቱ የምስሉን ጥራት ሊያሳየኝ ስልኩን ከፈተ። ያሳየኝ እኒያን እናት ነው፤ ሲንተባተቡ፣ ሲሥቁ፣ ዐይናቸውን ሲጠርጉ። ልጁ ክፋት አላሰበም፤ አዲስ ዕቃውን እየሞከረ ነበር። ቅር እንዳለኝ ሲያይ «መብራቷ እኮ በርታ ነበር» አለኝ። እውነቱን ነው። መብራቷ የምትሠራው ግን ዐይኑ ደኅና ለሆነና ትርጉሟን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። ሞራ የጋረደው ዐይን፣ በመስኮት የገባ የጠዋት ፀሐይ እያለ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ብርሃን ከአንድ ሰው ፊት ላይ እንዲለይ መጠበቅ የእኔን ሙያ አለማወቅ ነው።

ደግሞም ነጋዴ ነኝና ትርፍ ከየት እንደሚወጣ ማየት ልማዴ ነው። ይህን መነጽር የሚሸጠው የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ከገቢው ከ100 እጅ 97ቱን ያህል የሚያገኘው ከማስታወቂያ ነው። መነጽሮችንና የምናባዊ ዓለም መሣሪያዎችን የሚሠራው ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ2023 16.1 ቢሊዮን፣ በ2024 ደግሞ 17.7 ቢሊዮን ዶላር ከስሯል። አንድ ነጋዴ ዓመት ከዓመት ይህን ያህል እየከሰረ ሱቁን ካልዘጋ፣ ወደፊት ሊሸጠው ያሰበው ሌላ ዕቃ አለው ማለት ነው። ያ ዕቃ እኒያ እናት እንዳይሆኑ እሰጋለሁ።

ልጁን ሰኞ ተመለስ ብዬዋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የለገሃር ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው፤ ጉዳዩን አግንነውታል። ሌንሱ ላይ ምስልና ጽሑፍ የሚያሳይ ትንሽ ማሳያ ያለው አዲሱ የሜታ መነጽር 799 ዶላር ነው፤ ይህ በዛሬው ምንዛሪ ከ100 ሺህ ብር በላይ ይሆናል። በከተማችን ስንት ሰው ይገዛዋል? ደግሞስ በየሱቁ የጥበቃ ካሜራ ተሰቅሏል፤ በየካፌው ሰው ሁሉ ስልኩን ደግኖ ይቀርጻል። ልጁ እኒያን እናት በስልኩ ቀርጿቸው ቢሆን ምን ልዩነት ነበረው?

ኮድ ጸሐፊው
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡20

የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ስለሆነ አንድ ነገር ላቃና። እርስዎ የገለጹት መነጽር በዐይን ፊት ምንም አይደርብም፤ ካሜራ፣ ማይክራፎንና ድምፅ ማጉያ የተገጠመለት ፍሬም ነው። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚባለው፣ ማለትም በእውኑ ዓለም ላይ ምስልና ጽሑፍ የሚደርበው መነጽር፣ ከ10 ዓመት በላይ ሲሞከርና ሲከሽፍ የኖረ ነገር ነው። ጎግል «ግላስ» ያለውን መነጽሩን እ.ኤ.አ. በ2013 በ1,500 ዶላር መሸጥ ጀምሮ በጃንዋሪ 2015 ለተራው ሰው መሸጡን አቆመ፤ ለፋብሪካና ለመሥሪያ ቤት ብሎ ያስቀጠለውንም በ2023 ዘጋው። ማጂክ ሊፕ የተባለ ኩባንያ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከባለሀብቶች ሰብስቦ በ2018 ያወጣው የ2,295 ዶላር መሣሪያ ገዢ አጣ። ማይክሮሶፍትም ሆሎሌንስ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያውን ማምረት በ2024 አቁሟል።

ኩባንያዎቹ ከዚህ ሁሉ ኪሳራ የተማሩት፣ ሰው ፊቱ ላይ ኮምፒውተር መሸከም እንደማይወድ፣ የሚያምር መነጽር ግን ደስ ብሎት እንደሚያደርግ ነው። ስለዚህ ታዋቂ የመነጽር አምራች አጋር አደረጉና ለጊዜው ማሳያውን ከመነጽሩ ቀነሱት። ማሳያው ሲቀነስ ካሜራው እንዳልተቀነሰ ልብ ይበሉ። ለለባሹ ይጠቅማል የተባለው ቀርቶ የተረፈው ወደ ውጭ የሚያየው ነው።

በዓላማው ላይ ግን ከእርስዎ እለያለሁ። ሜታ የራሱ ስልክ የለውም፤ መተግበሪያዎቹ በአፕልና በጎግል ቤት ተከራይተው ነው የሚኖሩት። አንደኛው አከራይ አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ተጠቃሚው ካልፈቀደ በቀር መተግበሪያዎች ከቦታ ቦታ እየተከተሉ እንዳይሰልሉት ሲወስን፣ ሜታ በ2022 ብቻ 10 ቢሊዮን ዶላር ያህል ገቢ እንደሚያጣ ራሱ ተናግሯል። አከራይ እንዲህ አድርጎ ያስለቀሰው ሰው የራሱን ጎጆ ለመቀለስ ምንም ያህል ቢከስር አይደንቀኝም። መነጽሩ ያ ጎጆ ነው። የሰው ፊት ዋናው ዓላማ አይመስለኝም።

ባለ መነጽር ቤት፣ ፒያሳ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ለለገሃር ልጅ፤ ስልክ ሲደገንብኝ አየዋለሁ፤ ወይ ፊቴን አዞራለሁ፣ ወይ «ልጄ፣ አታንሣኝ» እላለሁ። በመነጽር የሚቀርጸኝ ሰው ግን እያዋራኝ፣ እኔም ዐይኑን እያየሁ ነው። ስለ ዋጋው ያሉት ዛሬ ልክ ነው። ሞባይል እ.ኤ.አ. በ1999 አዲስ አበባ ሲገባ ግን የትልልቅ ነጋዴዎች ጌጥ ነው ብለን ነበር፤ ዛሬ ሱቄ ደጃፍ ላይ ሎተሪ የሚያዞረው ልጅ ሁለት ስልክ አለው።

ለኮድ ጸሐፊው፤ የተከራዩ ነገር በጣም ገብቶኛል፣ እኔም ተከራይ ነኝ። ነገር ግን ልብዎን የሚያሳርፈው ምኑ ነው? ያ ሰው ጎጆውን ሠርቶ ሲገባ ማስታወቂያ ሻጭነቱን አይተውም፤ ልዩነቱ ከልካይ አከራይ አለመኖሩ ነው። ሜታ በኤፕሪል 2025 ከመነጽሩ ጋር ሲነጋገሩ የሚቀዳው ድምፅ እንዳይከማች የሚያደርገውን ምርጫ ከተጠቃሚዎች እጅ አንሥቷል፤ ድምፁ እስከ አንድ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። በራሱ ቤት እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምኑን ሊጨምር እንደሚችል እኔ አልገምትም።

በነገራችን ላይ ስለ ማሳያው ባለሙያ ሆኜ አንድ ነገር ልበል። የ799 ዶላሩ መነጽር ምስሉን የሚያሳየው በቀኝ ዐይን ብቻ ነው። ቀኝ ዐይናቸው የደከመና በግራው ብቻ የሚተዳደሩ ስንት ደንበኞች እንዳሉኝ የሠራው ሰው አልጠየቀኝም። ደግሞ እጆቹ ውስጥ ባትሪ ስላለ እንደ ሌላው ፍሬም አሙቄ ለጆሮ ላስተካክለው አልችልም፤ ለሁሉም ጆሮ አንድ ነው። እኛ ደግሞ ጆሯችን አንድ ሆኖ አያውቅም።

የሸዋዬ ልጅ
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ስወልድ እናቴ ሕፃኑን የሰው ዐይን እንዳያየው ሸፍኚው እያለች አርባ ቀን አላስወጣችኝም። እኔም የድሮ ሰው ወሬ ነው እያልኩ እስቅባት ነበር። ለካ እርሷ ዐይኑ እስኪመረት ነበር የምትጠብቀው።

የፈረቃ መሪ፣ ሜክሲኮ
ዓርብ፣ ከቀኑ 7፡45

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ሕንፃ የጥበቃ ፈረቃ መሪ ነኝ። በራችን ላይ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ አለን፤ ስልክ ተመዝግቦ ካልተቀመጠ የማይገባባቸው ፎቆችም አሉ። ባለፈው ወር እንዲህ ያለ መነጽር ያደረገ ሰው ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶና አመስግኖን ከሄደ በኋላ ነው አንዲት ሠራተኛ የነገረችን። እኛ ቦርሳውን ፈትሸናል፣ ኪሱን ዳብሰናል፣ ፊቱን ግን አልፈተሽንም።

ከዚያ ወዲህ ለባልደረቦቼ ምን ዓይነት መመሪያ እንደምሰጥ ሳስብ ቆይቻለሁ። ጥቁር መነጽር ያደረገውን ሰው አውልቅ ማለት ይቻላል። ቁጥር ያለው መነጽር ያደረገውን ግን አውልቅ ማለት ምርኩዙን እንደ መቀማት ነው፤ ደረጃው ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው እኔ ነኝ። ስለዚህ ጋሼ፣ ጥያቄዎን ስመለከተው ከካሜራው ይልቅ ሌንሱ ነው የሚያሳስበኝ። እርስዎ ቁጥሩን ከገጠሙለት በኋላ ያንን ሰው አውልቅ ሊል የሚችል በር በዚህ ከተማ አይኖርም።

ጠበቃ ዘልደታ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡15

የፈረቃ መሪው ያሉት በጣም ትክክለኛ ነው፤ ሕጉም ቢሆን ብዙ አይረዳቸውም።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ እንደ አደባባይ ሁነቶች ያሉትን ልዩ ሁኔታዎች ይዘረዝራል። የተከለከለው ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥ እንጂ ማንሣት አለመሆኑን ልብ በሉ። ሕጉ ሲወጣ ሰው ፎቶ ለመነሣት ለብሶ፣ ተኩሎ፣ ራሱ ፎቶ ቤት ይሄድ ነበር፤ ሕግ አውጪው የፈራው ፎቶ ቤቱ ምስሉን ለጌጥ መስኮቱ ላይ እንዳይሰቅለው ይመስለኛል። የእኒያ እናት ምስል ወደ ኩባንያው ኮምፒውተር ሄዶ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ማሽን ቢማርበት «ማባዛት» ነው አይደለም? እኔ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ከዚህ ሌላ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ አስፈጻሚው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መከበር ይደነግጋል። ችግሩ ያለው አንቀጹ ላይ ሳይሆን ርቀቱ ላይ ነው። የቴክሳስ ግዛት ነዋሪዎቿ ፊታቸው ያለ ፈቃድ ተለይቶ ተመዝግቧል ብላ ሜታን ከስሳ እ.ኤ.አ. በ2024 በ1.4 ቢሊዮን ዶላር ተስማማች። የእኛ ሰዎች ደግሞ በፌስቡክ ስለተሠራጩ የጥላቻ ጽሑፎች በዲሴምበር 2022 ናይሮቢ ሄደው ከሰሱ፤ የኬንያው ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ እስኪወስን ብቻ ኤፕሪል 2025 ደረሰ። ለዚህ ነው ተጠራጣሪ ስንሆን ኋላ ቀር ተብለን መወቀስ የሌለብን፤ አንድ ነገር ከተበላሸ በኋላ የምንሄድበት በር ከሌላው ሰው በር ይርቃል።

ነጭ በትር
ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡50

ሁላችሁም የጻፋችሁትን ስልኬ አንብቦልኝ ሰማሁ። ዓይነ ስውር ነኝ።

ከሜክሲኮ ወደ ለገሃር ስሄድ ሚኒባስ አያስቸግረኝም፤ ረዳቱ እየጮኸ ይነግረኛል። ለእኛ ወያላ ከተሠራው መሣሪያ ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ስል እየቀለድኩ አይደለም። የከተማ አውቶቡስ ግን ቁጥሩ ግንባሩ ላይ ተጽፎ ዝም ብሎ መጥቶ ይቆማል። አንዱ እጄ በትር፣ ሌላው ቦርሳ ይዟል፤ ስልክ አውጥቼ ወደ አውቶቡሱ ልደግን ብል፣ ቁጥሩ ከመነበቡ በፊት ስልኩ ከእጄ ይሄዳል። «ቢ ማይ አይስ» የተባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ዐይናማ በጎ ፈቃደኞች በቪዲዮ እያዩ ይነግሩን ነበር፤ ከ2023 ወዲህ ማሽን ምስሉን ይገልጻል፤ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እናንተ በምታወሩለት መነጽር ይሠራል። እጅን ነጻ የሚያደርግ ካሜራ ለእኔ ጌጥ አይደለም። ጋሼ «ይከልከል» የሚሉ ከሆነ መጀመሪያ የሚከለክሉት እኔን ነው።

ነገር ግን ኩባንያን በመጠርጠር ረገድ ማንም እኛን አይቀድመንም። ሴከንድ ሳይት የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ዐይን ውስጥ የሚተከልና በመነጽር ካሜራ የሚሠራ መሣሪያ ከ350 ለሚበልጡ ዓይነ ስውራን ሰጥቶ ነበር። ከዚያ አላዋጣውም፤ ምርቱን ተወው፤ ገንዘብም አጠረው። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፋና ሰዎቹ የማይሠራ ብረት ዐይናቸው ውስጥ እንደተተከለ ቀሩ። ብርሃንን አንድ ጊዜ ማጣት ከባድ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ በኩባንያ ውሳኔ ማጣት ምን እንደሚመስል እኔ ባልቀምሰው እመርጣለሁ።

እኔ ካሜራውን የምፈልገው የአውቶቡሱን ቁጥር እንዲያነብልኝ ነው። ቁጥሩ ከተነበበልኝ በኋላ፣ ከአውቶቡሱ ጎን ቆመው የነበሩት ሰዎች ፊት ለምን እንደሚቀመጥ ግን ለእኔም አልገባኝም።

ኮድ ጸሐፊው
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4፡30

ወንድሜ ነጭ በትር፣ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገርዎ እኔን ረታኝ፤ ትናንት የጻፍኩትን በከፊል አንሥቻለሁ። ቁጥር ማንበብን የመሰለ ሥራ ስልኩ ውስጥ ተጀምሮ ስልኩ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ ምስሉ ውቅያኖስ መሻገር አይኖርበትም። ከበድ ያለው፣ ትዕይንትን በዝርዝር መግለጽ፣ ትልቅ ኮምፒውተር ሊጠይቅ ይችላል፤ እዚያም ቢሆን ከመለሰ በኋላ ማጥፋት የሚያቅት ነገር አይደለም። ማስቀመጥ የንግድ ውሳኔ ነው። ሜታ ለማሽኑ ጥያቄ ሲቀርብ አብሮ የሚላክ ምስል ለማሠልጠኛ ሊውል እንደሚችል በ2024 አረጋግጧል።

የፊት ነገርም ዋዛ አይደለም። ፌስቡክ በኖቬምበር 2021 ፊት መለያውን ዘግቶ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች የፊት መለያ አጠፋለሁ ሲል ብዙዎቻችን ተገላገልን ብለን ነበር። በ2024 ግን ሁለት የሃርቫርድ ተማሪዎች እንዲህ ያለውን መነጽር በሌላ ድርጅት ከተሠራ የፊት መፈለጊያ ጋር አገናኝተው፣ በመንገድ የሚያልፍን ሰው ስምና አድራሻ ሲያወጡ አሳይተዋል። ያሳዩት ሰው እንዲጠነቀቅ ነበር። መነጽሩን የሚሠራው ኩባንያ ቃሉን ቢጠብቅ እንኳ ምስሉ ከመነጽሩ ከወጣ በኋላ ቃሉ አብሮት አይሄድም።

ቋንቋውንም ልጥቀስ፤ የመነጽሩ ቀጥታ ትርጉም በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛና በስፓንኛ ነው የጀመረው። አማርኛ ወረፋው ውስጥ የት እንደቆመ የሚናገር የለም።

የለገሃር ልጅ
ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 4፡00

የፈረቃ መሪውና ነጭ በትር የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ ስልክም ያው ነው ያልኩትን ትቼዋለሁ። ስለ ዋጋው ያልኩትን ግን አልተውኩም።

ባለ መነጽር ቤት፣ ፒያሳ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ልጁ ዛሬ ጠዋት መጣ። ስለ እኒያ እናት ስነግረው ደነገጠና ምስሉን እኔ እያየሁ ከስልኩ ላይ አጠፋው። ከስልኩ ሌላ የት ደርሶ እንደሆነ ስጠይቀው ግን እርሱም አያውቅም። አብረን ቅንብሩን ከፍተን ግማሽ ሰዓት ፈለግን፤ መጨረሻ ላይ አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ ደረስን፤ እውነቱን ለመናገር እርሱም እኔም እስከ ታች አላነበብነውም። መነጽሩን ሲያስጀምር «እስማማለሁ» ያለው በዚያ ጽሑፍ ላይ ነው።

ሌንሱን ገጠምኩለት። እኔ ብመልሰው ሌላው ሱቅ ይሠራለታል፤ ነጭ በትር የጻፉትንም ካነበብኩ በኋላ ዕቃውን በጅምላ ማውገዝ አልቻልኩም። የፈረቃ መሪው ነገር ግን ከጆሮዬ ስላልወጣ በዚያው ቁጥር አንድ ተራ ፍሬም ጨምሬ ሠራሁና በአንድ ሒሳብ ሁለቱንም ሰጠሁት፤ ሱቅም ሆነ መሥሪያ ቤት ሲገባ ያንን አውልቆ ይህን እንዲያደርግ፣ አውልቅ የሚለው ሰውም «አላይም» የሚል መልስ እንዳይገጥመው። ከእንግዲህ ለእንዲህ ያለ ፍሬም ሌንስ የምገጥመው እንዲህ አድርጌ ብቻ ነው። ያዋጣኛል አላልኩም። ለነጭ በትር ደግሞ፣ መነጽሩን ባገኙት ጊዜ ፍሬሙን ለፊትዎ ለማስተካከል ሱቄ ይምጡ፤ ሒሳብ የለውም፤ ጆሮው ላይ ግን ብዙ ተስፋ አልሰጥዎትም።

እኒያ እናት ከሰዓት በኋላ የንባብ መነጽራቸውን ሊወስዱ መጡ። ሳልነግራቸው ላሳልፈው አልቻልኩም። አንድ ልጅ ሳያውቁት ቀርጿቸው እንደነበር፣ ምስሉን ከስልኩ ላይ እንዳጠፋው፣ የቀረውን ግን እንደማላውቅ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ ሳነብ ነው የቀረጸኝ ወይስ ሳልችል?» አሉኝ። ሳይችሉ እንደነበር ነገርኳቸው። አዲሱን መነጽር አደረጉ፣ የጸሎት መጽሐፋቸውን ከነጠላቸው ሥር አውጥተው ገለጡና «እንግዲያው ጥራልኝ፤ አሁን ይቅረጸኝ» አሉ።

ልጁ ግን ጠዋት ሄዷል።